ቀይ እግሮቹና የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ባለፈው ወር የቀበሌ መታወቂያዬን ላሳድስ ብሄድ አዲስ ጉርድ ፎቶ አምጣ ተባልኩና ደምበል ሕንፃ ካለ ፎቶ ቤት ገባሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የካዛንቺስን ሰው ቀና በል፣ ዝቅ በል እያልኩ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ የኖርኩ ሰውዬ ዛሬ በተራዬ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተሰልፌ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ አንዲት ወጣት፣ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ እያወራች፣ «ፋዘር፣ ወደዚህ ይዩ… በቃ፣ አሪፍ ነው» ብላ አንድ ጊዜ ብልጭ አደረገችብኝና ጨረሰች። ጆሮዬ አልታየም። በእኛ ጊዜ ሁለት ጆሮ ያልታየበት ጉርድ ፎቶ ከየመሥሪያ ቤቱ ተመልሶ ይመጣና የፎቶ ቤቱ ባለቤት ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭብን ይውል ነበር። ይህንን ላስረዳት አፌን ስከፍት ከኋላዬ «ታዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ታዴ ብለው ይጠሩኝ ከነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ዞር ስል ሰናይት ናት።

ፀጉሯ ነጣ ነጣ ብሏል፣ መነጽር አድርጋለች፤ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ግን ያው ነው። መንጃ ፈቃዷን ልታሳድስ ፎቶ ፈልጋ መምጣቷ ነበር። ሃያ ዓመት ያህል አልተያየንም፤ አንድ ከተማ ውስጥ፣ ያውም አንድ ታክሲ በሚያመላልሰው ሰፈር እየኖርን። አለመተያየቱ በአጋጣሚ አልነበረም፤ እኔ መንገድ እየቀየርኩ ነው። «ና እስቲ ማኪያቶ ልጋብዝህ» አለችኝና እዚያው ሕንፃው ውስጥ ካለው ካፌ ተቀመጥን። አንድ ሰዓት ብንቀመጥ ነው። በዚያች አንድ ሰዓት የነገረችኝ ነገር ይኸው እስከ ዛሬ እንቅልፍ ነስቶኛል። በመጀመሪያ ግን ሰናይት ማን እንደሆነች፣ ያኔ ፎቶ የማነሳቸው ወፎችም ከእሷና ከእኔ ጋር ምን እንዳገናኛቸው መናገር አለብኝ።

ያኔ የምሠራው ካዛንቺስ መናኸሪያ አካባቢ በነበረች አንዲት ፎቶ ቤት ነው። መንግሥት ተለውጦ ከተማው ገና አዲሱን ነገር የሚላመድበት ዘመን ነበር። ፎቶ ቤቷ ሁለት ክፍል ናት፤ የፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ ፏፏቴና ዘንባባ ተሥሎበታል፣ የኋለኛው በጥቁር መጋረጃ የተከለለ ጨለማ ክፍል ነው። መስታወቱ አጠገብ በሲባጎ የታሰረ ማበጠሪያ ተንጠልጥሏል። ምስማር ላይ ደግሞ ለደንበኛ ሁሉ የምትሆን አንዲት ሰማያዊ ኮትና ቋጠሮዋ የማይፈታ ክራቫት ነበረች። የዚያ ዘመን የካዛንቺስ ወንድ የጉርድ ፎቶ አልበም ቢሰበሰብ ግማሹ ያችን ኮት ለብሶ ይገኛል። ሴቶቹ ትከሻው ስፖንጅ ያለበት ሸሚዝ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን በካውያ ተኩሰው ይመጣሉ። ከፊት ለፊታችን ካሴት ቤት ስለነበረ ቀኑን ሙሉ ያንኑ የፍቅር ዘፈን ደጋግሞ ያስጮኸዋል፤ ፊልም ስናጥብ ደቂቃውን በዘፈን ቆጥረን ነው የምናወጣው። ታክሲ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ማኪያቶ በሰባ አምስት ሳንቲም ጠጥተን፣ አረፋውን በማንኪያ ጠርገን፣ ውሃ በነፃ እናስጨምር ነበር። ዛሬ ያች ፎቶ ቤት የቆመችበት መሬት ላይ ምን እንዳለ አትጠይቁኝ፤ ባለፈው በዚያ ሳልፍ የቱ ጋ እንደነበረች ራሴም አጣኋት።

ወፍ ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት በአንድ ፈረንጅ ምክንያት ነው። ከሰፈራችን ፈንጠር ብሎ ካለው ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሸምገል ያለ ሰው ነበር፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም እኛ ጋ ያሳጥባል። አገሩ ሊገባ ሲል የውሃ ቧንቧ የሚያህል አሮጌ ሌንስ ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። የሌንሱን ጠርዝ ሻጋታ ጀምሮታል። ለጉርድ ፎቶ እንደማይሆን ያስታውቃል፤ የሰው አፍንጫ ብቻ ነው የሚያስገባው። ምን ላድርገው ብዬ አንድ ቀን ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ካለ ግቢ ዛፍ ላይ የሚያድሩትን ሳቢሳዎች አነሳሁበት። ሰፈሩ ሁሉ መኪናዬን አበላሹብኝ እያለ የሚረግማቸው ነጫጭ ወፎች ናቸው። በሌንሱ ሳያቸው ግን አንገታቸው ላይ የማር ቀለም ያለው ላባ አብቅለዋል፤ አንዱ ጭራሮ በአፉ ይዞ መጥቶ ለሌላዋ ይሰጣታል፣ እሷም ተቀብላ ጎጆው ላይ ትሰካዋለች። ሄዶ ደግሞ ሌላ ያመጣል። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንጋጥጬ ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ሠርግ ከሌለብኝ ውሃ ዳር ነው የምገኘው። ጭቃ ነክቶኝ ስመለስ የሰፈሩ ጎረምሶች «ወፌ ቆመች! ወፌ ቆመች!» እያሉ እንደ ሕፃን ያጨበጭቡልኛል። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ደግሞ «ወፍ ለሠርጉ አልበም አያዝም፣ ታደሰ» ይለኝ ነበር።

ለወፍ እንደ አቃቂ ያለ ቦታ አልነበረም። ክረምቱ አልፎ ውሃው መጉደል ሲጀምር ረግረጉ ላይ አንድ ዓይነት ወፍ ይመጣል፤ አካሉ ነጭ፣ ክንፉ ጥቁር፣ ምንቃሩ እንደ ወስፌ የቀጠነ፣ እግሩ ደግሞ ረጅምና ቀይ። አማርኛ ስሙን የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ «ቀይ እግር» አልኩት። የእነዚህ ወፎች መጫጨት የሚገርም ነው። ሴቷ ውሃ ውስጥ ትቆማለች፤ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ ዝም ትላለች። ወንዱ በግራዋ ይመጣና ምንቃሩን ውሃ ውስጥ ነከር አድርጎ ይረጫል፣ ደረቱን ይጠራርጋል፣ እንደገና ነከር ያደርጋል። ከዚያ በኋላዋ ዞሮ በቀኟ ያንኑ ይደግማል። ደግሞ በግራዋ። እሷ ንቅንቅ አትልም። ጥድፊያው እየጨመረ፣ ውሃው እየተረጨ ይሄድና በመጨረሻ ይገናኛሉ። ሲወርድ ግን ጥሏት አይሄድም። አንድ ክንፉን ጀርባዋ ላይ እንደጣለ፣ ምንቃራቸውን አጣምረው አራት አምስት እርምጃ አብረው ይራመዳሉ። ያቺ ነገር ቢበዛ አምስት ሴኮንድ ናት። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ የየራሳቸውን ምግብ ይለቅማሉ። እኔ የፈለግኩት ያንን አምስት ሴኮንድ ነበር። ካሜራዬ በእጅ የሚጠመዘዝ፣ ፊልሙ ሠላሳ ስድስት ብቻ የሚያነሳ ነው። አንድ ጊዜ ጠምዝዤ ቀና ስል ነገሩ አልቋል። ሁለት ወቅት እንዲሁ አለፈኝ። ዛሬ ልጆቹ በስልካቸው ሺህ ያነሱና የማይሆነውን ይሰርዛሉ፤ ምን አለባቸው።

የከለር ፊልሙን የማሳጥበው ስታዲየም አካባቢ ነበር። ፊልም ማጠቢያው ባንኮኒ ላይ የምትቀበለው፣ ታጥቦ ሲያልቅ በፖስታ የምታሽገው ሰናይት ነበረች። አባቷ አቶ ኪዳነ ካዛንቺስ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ያላቸው፣ ከሰሜን የመጡ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን ፖስታውን ስትሰጠኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት? እነዚህ ወፎች ምን እያደረጉ ነው?» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ላብ አጠመቀኝ።

«እየተጫጩ ነው» አልኩ።

«ቀለበቱስ?»

«ቀለበት የላቸውም። ውሃ ይረጭላታል።»

«እሷስ ምን ትላለች?»

«ዝም ትላለች።»

«ታዲያ እሺ ማለቷ ነዋ!» ብላ ሳቀች፤ ያን ጊዜ ነው ፍንጭቷን ያየሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊልም እስኪያልቅልኝ አልጠብቅም ነበር፤ ግማሹን እያነሳሁ እወስዳለሁ። እሷም ከሌላው ሰው ቀድማ የእኔን ታስጨርስና «ይሄኛውን በጊዜ አልጠመዘዝከውም»፣ «እዚህ ጋ ሣሩ ሸፍኖሃል» እያለች ትተቸኛለች። አንቱታው በሁለት ፊልም ቀረ። የፎቶ ትምህርት የተማርኩት ከማን ነው ብባል ከእሷ ነው የምለው።

በሦስተኛው ወቅት አብራኝ አቃቂ መሄድ ጀመረች። እሑድ ኡራኤል አስቀድሳ ስትወጣ ስታዲየም እንገናኝና በታክሲ እንወርዳለን። ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከትና ከቀሚሷ ሥር የወንድሟን ሱሪ ታጠልቃለች። የማዳበሪያ ከረጢት ቀዳድጄ የሰፋሁት፣ ሣር ያሰርኩበት መሸፈኛ ነበረኝ፤ እሱን ተከናንበን በደረታችን ጭቃ ላይ እንተኛለን። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት ያለ ንግግር እንቆያለን። አንድ ጊዜ ጎመን የተሸከሙ አንዲት እናት በላያችን ሊያልፉ ደርሰው ደነገጡና «ምን ሆናችሁ እናንተ ልጆች?» አሉን። «ወፍ ፎቶ እያነሳን ነው፣ እማማ» ብላ ሰናይት ብትመልስላቸው «አንሡን ብለው ነው?» ብለው ሄዱ። ሰናይት ሳቋን ለማፈን ፊቷን ጭቃው ውስጥ ደፋችው። ሌላ ጊዜ አንድ ጫማዋን ረግረጉ ዋጠባት፤ የእኔን አድርጋ እኔ በካልሲ ታክሲ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ከላይ እስከ ታች አይቶን «ከየት ነው የተቆፈራችሁት?» አለን። ደስታ ይሉት ነገር በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ደርሶኛል ብል ያን ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ደስታ መሆኑን አላወቅኩትም፣ የሚበዛ መስሎኝ ነበር።

ፎቶው የተገኘው ኅዳር አካባቢ ነው። ፊልሙ ላይ ሁለት ብቻ ቀርቶኛል። ወንዱ በግራ በቀኝ ሲመላለስ አላነሳሁም፣ ጣቴን ሰብስቤ ጠበቅኩ። ሰናይት ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «ቆይ… ቆይ…» ትለኛለች። ሲወርድ፣ ክንፉን እንደዘረጋ፣ ምንቃራቸው ሲነካካ «አሁን!» አለችኝ። ተጫንኩት። ታጥቦ ሲወጣ ውሃው እንደ መስታወት ረግቷል፤ ሁለቱ ወፎች ከላይ፣ ሁለቱ ጥላዎች ከታች፣ አራት ቀይ እግሮች፣ የተጣመሩ ሁለት ምንቃሮች። ሰናይት አንድ ቅጂ ለራሷ አሠራች። መጽሐፍ ውስጥ ደብቃ የምታስቀምጠው ነበር የመሰለኝ። በዚያው ሰሞን ነው ባንኮኒው ላይ ተደግፋ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ «ሽማግሌ ላክ» ያለችኝ። «አባቴ ኮስታራ ነው፣ ሰው ግን ያውቃል» አለችኝ።

አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደገኝ አጎቴ ጋሼ በቀለ ናቸው። የትምህርት ቤት ዘበኛ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ቃላቸው የማይታጠፍ፣ ሰፈሩ ለእርቅም ለጋብቻም የሚልካቸው ሰው ነበሩ። የዚያኑ ሳምንት አንድ ቀን ከነጭቃዬ በአቶ ኪዳነ ሱቅ ፊት ሳልፍ ጎረምሶቹ «ወፌ ቆመች!» ብለው አጨበጨቡ። ደንበኞቹ ሳቁ። አቶ ኪዳነ ከባንኮኒው ቀና ብለው አዩኝ፤ አልሳቁም፣ አልተቆጡም፣ ዝም ብለው አዩኝ። እኔ ግን በዚያ አስተያየት ውስጥ የራሴን ንቀት አነበብኩ። ለዚህ ሰው ሴት ልጄን እሰጠዋለሁን ሲሉ የሰማኋቸው መሰለኝ።

ሽማግሌዎቹ እሑድ ሊሄዱ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ በቀለ በራፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲቦርሹ አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ።

«ልጁ ምን ይሠራል ሲሉን ፎቶ ያነሳል፣ ሲተርፈው ደግሞ ወፍ ያነሳል እላቸዋለሁ» አሉኝ። «ለመሆኑ ወፉ ሽማግሌ አይልክም?»

«ጋሼ፣ እባክዎን እንደዚያ አይበሉ።»

«ምን ልበል ታዲያ?»

«የመንግሥት ሠራተኛ ነው ይበሉልኝ። ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት።»

ብሩሹን አስቀመጡት። «የትኛው ሚኒስቴር?»

«ዝም ብለው ሚኒስቴር ይበሉ። የፎቶውን ነገር ጭራሽ አያንሱት።»

«ሽማግሌ ያሳምራል እንጂ አይዋሽም፣ ታደሰ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ደግሞስ ምን ነውር ሠርተህ?»

«አባት ሆነው አሳድገውኛል። ይቺን አንድ ነገር ያድርጉልኝ» አልኩ። ምን ብል እንቢ እንደማይሉኝ አውቄ ነው ያልኩት። ብሩሹን አንስተው የጠራውን ጫማ እንደገና መቦረሽ ጀመሩ።

በማግሥቱ ከሁለት ጎረቤቶቻችን ጋር ሄደው በአንድ ሰዓት ተመለሱ። ኮታቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አይሆንም አሉ።»

«ለምን?»

«ምክንያቱን አልነገሩንም። በክብር ነው የተቀበሉን። ሥራው ምንድነው አሉ፣ ያልከውን ነገርኳቸው። ሌላ የሚሠራው ሥራ የለም ወይ ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ ደግመው ጠየቁኝ። የለም አልኩ። እንግዲያው አይሆንም አሉ።» ከዚያ፣ «ሽማግሌ አንዴ ተመለሰ ተብሎ አይቀርም። ሦስት ጊዜም ይመላለሳል። በሚቀጥለው እሑድ እንሄዳለን። ሁለተኛ ግን አልዋሽም፣ ያለውን ነው የምነግራቸው» አሉኝ።

«ሚኒስቴር ያልነውን ሰው ያልፈለጉ፣ ጭቃ የሚያቦካ ነው ሲባሉ ጭራሽ ይስቁብናል። ይቅር።»

«ታደሰ፣ ልጄ…»

«ይቅር አልኩ፣ ጋሼ!»

ቀረ። ኩራት ራቱ የሚባለው ሰው እኔ ነበርኩ። ፊልም ማሳጠቢያዬን ወደ ፒያሳ አዞርኩ። ስታዲየም አካባቢ ጉዳይ ሲኖረኝ በማዶ እሄዳለሁ። አንድ ቀን ሰናይት ፎቶ ቤት ድረስ መጣች። ድምጿን ስሰማ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ገባሁና መጋረጃውን ያዝኩት። «ታደሰ የለም?» ስትል ለባለቤቱ በእጄ ምልክት ሰጠሁ፤ «ወጥቷል» አላት። «ሲመለስ እነግረዋለሁ» ብትባል «ግድ የለም፣ ራሴ እመጣለሁ» አለች። ሁለተኛ አልመጣችም። ከአንድ ዓመት በኋላ ማግባቷን ሰማሁ፤ የሠርጉን ፎቶ ሌላ ፎቶ ቤት አነሳው። አቃቂም ከዚያ ወዲያ አልሄድኩም። ሌንሱን ሻጋታው በላው። ኔጋቲቮቹን ቤታችን ሊፈርስ ዕቃ ስናወጣ ክረምት ላይ ካርቶኑ ዝናብ ገብቶበት እርስ በርሳቸው ተጣብቀው አገኘኋቸው። ባለፈው ዓመት ለቀብር በዚያ በኩል ስናልፍ በመኪናው መስኮት ረግረጉን ፈልጌ ነበር፤ ግማሹ ፋብሪካ ሆኗል፣ የቀረው ውሃ ላይ የፕላስቲክ ከረጢት ተንሳፍፏል። ነጭ ነገር ባየሁ ቁጥር ወፍ እየመሰለኝ አንገቴን ሳሰግግ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ምን ጠፋብህ?» አለኝ።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። ሰው ሲጠይቀኝ «ዘር ቆጥረው መለሱኝ፣ አገሬ አልጣማቸውም» እል ነበር። በዚያ ወሬ በሚበዛበት ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የሚያምን አይጠፋም። የአቶ ኪዳነን ስም በየጠላ ቤቱ አጠፋሁ። ሲሞቱ ካዛንቺስ ነቅሎ ለቅሶ ሲወጣ እኔ ሱቃቸው በር ላይ የተተከለውን ድንኳን በሩቁ አይቼ ተመለስኩ። በጋሼ በቀለ ላይ የሠራሁት ደግሞ ይብሳል። በተጣላን ቁጥር «እርስዎ አፍ ቢኖርዎት ኖሮ ዛሬ እኔም እንደ ሰው ባለ ትዳር ነበርኩ» እላቸዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ «አንተ አይደለህ ወይ ያስዋሸኸኝ?» አላሉኝም። አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። ከዚያች እሑድ በኋላ ለጋብቻ ሽማግሌነት ሰው ሲጠይቃቸው «እኔ ለዚያ ሥራ አልሆንም» ብለው እንቢ እንዳሉ ሞቱ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። እኔ አላገባሁም። ምክንያቱ እሷ ናት ብዬ አላሳምረውም፤ ጊዜው ዝም ብሎ አለፈ።

እንግዲህ ወደ ደምበል ካፌ ልመለስ። ስለ ልጆቿ ነገረችኝ፤ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ማኪያቶውን ያለ ስኳር ማዘዜን አይታ ስለ ስኳር በሽታዬ ጠየቀችኝ። ከዚያ ማንኪያዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና፣ «ያ ፎቶህ እኮ እስከ መጨረሻው አባቴ ሱቅ ነበር፤ ባንኮኒው ላይ፣ መስታወቱ ሥር» አለችኝ።

«የትኛው ፎቶ?»

«ምንቃራቸውን ያጣመሩበት። ያኔ ወዲያው ነው ያሳየሁት። ሁሉንም ነግሬው ነበር፣ ማለቴ አንተን፣ ወፎቹን፣ አቃቂን። ይቆጣል ብዬ ስፈራ፣ ፎቶውን አገላብጦ አየና ስንት ጊዜ ፈጀበት አለኝ። ሦስት ዓመት አልኩት። ለአንድ ወፍ ሦስት ዓመት ጭቃ ላይ የተኛ ሰው፣ ልጄን ቢከፋት ትቷት አይሄድም፣ ሽማግሌ ይላክ፣ አለ።»

ማኪያቶው እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

«ሽማግሌዎቹ የመጡ ቀን ሥራው ምንድነው ብሎ የጠየቃቸው ሳያውቅ ቀርቶ መሰለህ? ከአፋቸው ሊሰማው ነው። ሚኒስቴር ሲሉት ደግሞ ጠየቃቸው፤ እንዲያርሙት። የለም አሉት። እነሱ ሲወጡ ፎቶውን አውጥቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ይህን የመሰለ ሥራ ያለው ሰው ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ለምን ይዋሻል? አለኝ። ግድ የለም፣ ተመልሰው ይመጣሉ፣ በሁለተኛው እውነቱን ከተናገሩ እሺ እላለሁ አለ። በሚቀጥለው እሑድ ሳሎኑን አስተካክሎ፣ ኮቱን ለብሶ ጠበቃቸው። በሌላውም እሑድ ጠበቃቸው።» መነጽሯን አውልቃ በሶፍት ጠረገችው። «ፎቶ ቤት መጥቼም አጣሁህ።»

ሃያ ዓመት ሙሉ ያስናቀኝ እውነቱ ነው፣ ውሸቱም ሊያድነኝ አልቻለም ብዬ አምኜ ነበር። እውነቱ ግን ባንኮኒው ላይ፣ መስታወት ሥር ነበረ፤ ካዛንቺስ ሁሉ መለዋወጫ ሊገዛ ሲገባ ያየዋል። እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት፣ በዚያ በር ማለፍ ትቼ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ» አለችኝ። «ሁልጊዜ ብቻዬን ስሆን የምጠይቀው ነገር ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ፣ ልጁ ራሱ ነው ያስዋሻቸው፣ አፍሮበት ነው፣ ይል ነበር። እኔ በጭራሽ ብዬ ተከራከርኩት። እዚያ ጭቃ ላይ አብረን ተኝተን፣ እንዴት ያፍርበታል? እውነቱን ንገረኝ ታዴ። እንደዚያ እንዲሉ ያልካቸው አንተ ነህ?»

ዓይኖቿ ከመነጽሩ ውጪ ያው የድሮዎቹ ነበሩ። መናገር ነበረብኝ። ስልሳን ያለፈ ሰው ነኝ፤ የማጣው ትዳር የለኝ፣ የሚስቅብኝ ጎረምሳ የለ።

«እኔ አላወቅኩም» አልኳት። «አጎቴ ናቸው። ለእኔ ብለው፣ በራሳቸው ያሳመሩት።»

ደረቷ ላይ የነበረ አንድ ነገር እንደወረደላት ተነፈሰች። እጄን ጠረጴዛው ላይ ያዘችው። «አውቄ ነበር» አለች። «አውቄ ነበር እኮ።» እንባዋ ሲመጣ ሳቀች፤ ፍንጭቷ ታየ። እኔ እጄን ከእጇ ማውጣትም መተውም አቃተኝ።

«አጎትህ አሉ?»

«አርፈዋል። ቆዩ።»

«እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ቂም ይዤባቸው ኖርኩ» አለች። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና ተነሳች። «ነፍሳቸውን ይማር። ከልቤ ይቅር ብያቸዋለሁ።»

«አሜን» አልኩ።